ሚዛኑ የማያየው ሽንጥ

ጅማ መርካቶ አካባቢ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። ሚዛኗ ትንሽ ናት፤ መስታወቷ የተሰነጠቀ፣ ላስቲኳ የተላጠ። ከነጫማችሁ ትወጣላችሁ፣ መርፌዋ ተወዛውዛ አንድ ቦታ ትቆማለች፣ ልጁ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይነግራችኋል። ብሩን ተቀብሎ ቀጣዩን ይጠራል።

የሠፈራችን አንድ ጋሼ የዚህች ሚዛን ደንበኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና መጋዘን ኬሻ ሲሸከሙ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ክረምት ሳል ያዛቸው። ብርድ ነው ተባለ፤ ዝንጅብልና ማር ተጠጣ፣ ዳማከሴ ተጨመቀ። ሳሉ ወር አለፈው። ሌሊት ሌሊት ላቡ አንሶላውን ያርሰው ጀመር። ቀበቷቸው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ተበሳ፣ ከዚያ ሌላ። በመጨረሻ አክታቸው ተመረመረና የሳንባ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ሲጀምሩ 50 ኪሎ ነበሩ። ሁለተኛው ወር ሲያልቅ ሚዛኗ 53 አለች። ቤት ውስጥ እልል ተባለ።

እሳቸው ግን ሃያ ሊትር ጀሪካን ከቧንቧው እስከ በራቸው ማድረስ አቅቷቸው ነበር። "ልጄ፣ ኪሎዬ መጣ፤ እኔ ግን አልመጣሁም" አሉኝ አንድ ቀን፣ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ።

ልክ ነበሩ። ኪሎው መጥቶ ሰውየው ሊቀር ይችላል። ይህን ልዩነት ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ መሣሪያም አለ፤ ሲቲ ስካን። የዛሬው ወሬያችን እሱ ነው፦ የቲቢ ሕመምተኛን ጡንቻ በምስል ለክቶ፣ ማን በቀላሉ እንደሚድንና ማን ጠበቅ ያለ ክትትል እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ መገመት።

ከሚዛኑ እንጀምር። ሚዛን የሚነግራችሁ ድምሩን ብቻ ነው። ውሃው፣ አጥንቱ፣ ስቡ፣ ጡንቻው፣ ጠዋት የበላችሁት ገንፎ ሳይቀር አንድ ላይ። እግሩ በውሃ ያበጠ ሰው ሚዛን ላይ ሲወጣ "ወፈረ" ይባላል። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ኪሎው በቁመት ሲሰላ ነገሩ ትንሽ ይሻሻላል። ኪሎውን ለሜትር ቁመቱ ካሬ ማካፈል ነው። ጋሼ 1.70 ሜትር ናቸው እንበል። 1.70 ሲባዛ በ1.70፣ 2.89 ይመጣል። 50 ለ2.89 ሲካፈል 17.3 ነው። ከ18.5 በታች ያለ ሰው ከሲታ ይባላልና ከሲታ ነበሩ። በ53 ኪሎ 18.3 ደረሱ፤ ወደ ደንቡ ጫፍ። ወረቀት ላይ ሲታይ ሰውየው ተመልሰዋል ማለት ይቻላል።

ግን የመጣው 3 ኪሎ ምንድነው? እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ጠይቆ ነበር። የቲቢ ሕመምተኞች ሕክምና ጀምረው ኪሎ ሲጨምሩ የጨመሩት ምኑን ነው? መልሱ ደስ አይልም። በስድስቱ ወር የጨመረው በአብዛኛው ስብ ነበር። የሰውነት ፕሮቲን፣ ማለትም ጡንቻው፣ እምብዛም አልተመለሰም። ጋሼ ይህን ጥናት አላነበቡም። ጀሪካኑ ነግሯቸዋል።

እዚህ ላይ ሥጋ ቤት ልውሰዳችሁ። ሥጋ ቤት የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ስልኬ ላይ የሰው ወገብ የሲቲ ስካን ምስል ነበረኝ፤ ከመማሪያ ላይ የወሰድኩት፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ። ምን እንደሆነ ሳልነግረው አሳየሁት። ስልኩን ወደ አምፖሉ አስጠግቶ አየና በጣቱ ይጠቁም ጀመር።

"ይሄ አጥንቱ ነው። ከኋላው ግራና ቀኝ የተኛው ሽንጥ። ከፊቱ ያሉት ሁለቱ ክብ ክብ ነገሮች ጭቅና። ዳር ዳሩን የከበበው ጮማ። ግን ከሲታ በሬ ነው፤ ማነው የሸጠላችሁ?"

ሰው ነው ስለው ስልኬን እንደ ፍም ወርወር አደረገው። "አስተግፊሩላህ!"

ከድንጋጤው በቀር ሁሉንም ልክ ብሏል። ሲቲ ስካን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሰውን ሳይነካ፣ እንደ ዳቦ በስሱ እየቆረጠ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ከእግር በኩል ወደ ላይ እንደምናየው አድርጎ ያሳያል። ሐኪሞች ለዚህ ጉዳይ የሚለኳቸው ጡንቻዎችም ሥጋ ቤት ስማቸው የሚጠራው ናቸው። ጭቅና ከወገብ አጥንት ፊት ለፊት የሚሄደው ጡንቻ ነው። ሽንጥ አከርካሪውን ግራና ቀኝ ይዞ ቀጥ የሚያደርገው። ፍርምባ ደግሞ የደረቱ። "ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ" ስንል ለካ የሰውነት ትምህርት እየተናገርን ነው። ሽንጥ የሚገትረው ይህ ጡንቻ ካለ ነው። ሲያልቅ ሰውየው ይጎብጣል፤ ክርክሩም ይቀራል።

ራጅ ለምን አይበቃም ትሉ ይሆናል። ራጅ ጥላ ነው። ደረታችሁ ውስጥ ያለው ሁሉ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ በአንድ ወረቀት ላይ ያርፋል። ሳንባ ላይ ያለን ጠባሳ ወይም ቀዳዳ ለማየት ጥሩ ነው። ጡንቻን ከስብ ለይቶ ለመለካት ግን አይሆንም። ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ያሰበው ይህን መደራረብ መፍታት ነበር። ጨረሩን በሰውየው ዙሪያ አዙሮ፣ ከብዙ አቅጣጫ የተገኘውን ኮምፒውተር እንዲያቀናጀው አደረገ። የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ ለንደን ውስጥ በሲቲ ስካን የታየችው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 ነው። በ1979 ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰደበት።

ስሙ ዛሬም በየምስሉ ውስጥ አለ። ሲቲ ስካን የሚያሳየው ጥቁር፣ ግራጫና ነጭ ነጠብጣብ ሁሉ ከኋላው ቁጥር አለው፤ የሃውንስፊልድ ቁጥር ይባላል። ውሃ 0 ነው። አየር ከዜሮ በታች 1000። ስብ ከውሃ ይቀላልና ከዜሮ በታች ከ190 እስከ 30 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ጡንቻ ከዜሮ በታች 29 ጀምሮ ከዜሮ በላይ 150 ድረስ። ኮምፒውተሩ እንግዲህ የሚጠየቀው ቀላል ነገር ነው፦ በዚህ ቁራጭ ላይ ቁጥራቸው በጡንቻው ክልል የሆኑትን ነጠብጣቦች ሰብስበህ ስፋታቸውን ንገረኝ።

የትኛው ቁራጭ? የተለመደው በሦስተኛው የወገብ አከርካሪ አጥንት ላይ ያለው ነው። እዚያ ላይ የሚገኘው የጡንቻ ስፋት ከመላ ሰውነት ጡንቻ ጋር በደንብ ስለሚሄድ ነው። ችግሩ የቲቢ ሕመምተኛ ሲቲ ስካን ከተነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ደረቱን ነው፣ ወገቡን አይደለም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ ላይ ወጡ። ከጎድን አጥንቶች የመጨረሻዋ በምትያያዝበት በ12ኛው የደረት አከርካሪ ላይ ሽንጡን ይለካሉ፤ ከፍ ብለው ደግሞ ፍርምባውን።

የተገኘው ስፋት ለቁመት ካሬ ይካፈላል፤ ረጅም ሰው በተፈጥሮው ሰፊ ነውና። ምሳሌ ልስጣችሁ። ሁለት ሰዎች አሉ። ሁለቱም 1.70፣ ሁለቱም 50 ኪሎ። የመርካቶው ልጅ ሚዛን ላይ አንድ ናቸው። የአንዱ ወገብ ላይ ያለው ጡንቻ 140 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለ2.89 ሲካፈል 48.4። የሌላው 105፤ ሲካፈል 36.3። ሁለተኛው ሰውዬ ውስጥ ውስጡን አልቋል። ጤና ጣቢያ ካርድ ላይ ግን ሁለቱም "50 ኪሎ" ተብለው ይጻፋሉ።

ሌላም ነገር ይታያል፤ የጡንቻው ጥራት። ሥጋ ቤት ስትሄዱ ጮማ ጣልቃ ጣልቃ የገባበት ሥጋ ይመረጣል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሐኪም ቤት ተቃራኒ ነው። ጡንቻው መሐል ስብ ሲገባ የሃውንስፊልድ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ምስሉ ላይ ጠቆር ይላል። ስፋቱ ባይቀንስ እንኳ ጉልበቱ ቀንሷል ማለት ነው። ለጥብስ የሚያምረው ለመኖር አይመችም።

ቲቢ ጡንቻን የሚበላው እንዴት ነው? ድሮ ሰው በዚህ በሽታ እየከሳ እየከሳ ሻማ ሆኖ ነበር የሚያልቀው። ሮበርት ኮክ ባክቴሪያውን ማግኘቱን እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 እስኪናገር ድረስ ክሳቱ ራሱ በሽታው ይመስል ነበር። ዛሬ ነገሩ ከሞላ ጎደል ይታወቃል።

አንደኛ፣ ምግብ ይዘጋል። ቤተሰብ "ምነው አልጎርስ አለ" ብሎ ይቆጣል፤ ጥፋቱ ግን የሰውየው አይደለም። ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ የሚለቃቸው ኬሚካሎች የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ። ሁለተኛ፣ ትኩሳት ነዳጅ ይፈጃል። የሰውነት ሙቀት አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ተኝቶ የሚቃጠለው ጉልበት እንኳ ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራል። ገቢው ቀንሶ ወጪው ጨመረ። ልዩነቱን ማን ይሸፍን? ጡንቻ። ጡንቻ የሰውነት ጎተራ ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚከፈተው እሱ ነው።

ሦስተኛው ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። እነዚያ ኬሚካሎች ጡንቻን እንዲፈርስ በቀጥታ ያዛሉ፤ በዚያ ላይ የበላችሁት ፕሮቲን ጡንቻ ሆኖ እንዳይገነባ ያግዳሉ። ጡቡ መጥቷል፣ ግንበኛው ግን አድማ ላይ ነው። ስለዚህ በሕመሙ መጀመሪያ ላይ "ሥጋ ብሉ" ብቻውን ተአምር አይሠራም። መጀመሪያ መድኃኒቱ እሳቱን ማብረድ አለበት።

ከኬሚካሎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለት ስም ነበረው። አንዱ ቡድን የካንሰር ዕጢን የሚገድል ነገር ብሎ ያጠናው ነበር። ሌላው ሰው የሚያከሳ ነገር እያለ "ካኬክቲን" ብሎ ጠራው። በ1985 ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸው ታወቀ። የሰውነት ሴሎች የቲቢን ባክቴሪያ ከብበው እንዲያስሩ የሚያደርገውም ይኸው ኬሚካል ነው። ይህን ኬሚካል የሚያግዱ የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒቶች ሲሰጡ ተኝቶ የነበረ ቲቢ ሊነቃ የሚችለው ለዚህ ነው። ዘበኛው ቤቱን ይጠብቃል፤ ደመወዙን የሚወስደው ግን ከጎተራው ነው።

ጡንቻ ሲያልቅ ጉልበት ብቻ አይደለም የሚያልቀው። የምንተነፍሰው በጡንቻ ነው። አክታን አስሎ ለማውጣትም ጡንቻ ያስፈልጋል፤ ሳሉ ሲደክም አክታው እዚያው ይተኛል። በሽታ ተከላካይ ሴሎች የሚመገቧቸው አንዳንድ ንጥረ ነገሮችም የሚመጡት ከጡንቻ ነው። ጎተራው ባዶ ሲሆን ወታደሩም ይራባል።

እንግዲህ ወደ ትንበያው። የተለመደው የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ነው። መጀመሪያ ሁለት ወር አራት መድኃኒት፦ ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል። ከዚያ አራት ወር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ። አብዛኛው ሰው ይድናል። ከሚሞቱት ብዙዎቹ ግን የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ነው። ስለዚህ ሐኪም የሚፈልገው ገና በመጀመሪያው ሳምንት "ይህን ሰው ዓይንህን አታንሳበት" የሚል ምልክት ነው። በተለይ በምሥራቅ እስያ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ሕክምና ሲጀመር የተነሱ የደረት ሲቲ ስካኖችን ወስደው ጡንቻውን ለኩ። ጡንቻቸው ያነሰ ሕመምተኞች የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ።

ትንበያ ሲባል ግን እንዳትደነግጡ። ጅማ ነን፤ ከሰዓት በኋላ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ጃንጥላ እንይዛለን። ዝናቡ ሊቀርም ይችላል። ጃንጥላ መያዛችን ግን ልክ ነበር። የጡንቻ ልኬትም እንዲሁ ነው። ስለ መቶ ሰው ሲናገር ጥሩ ይናገራል፤ ስለ አንዱ ሰው ሲናገር "ተጠንቀቁ" ከማለት አያልፍም። ጡንቻው አነስተኛ የሆነ ሰው ይሞታል ማለት አይደለም። ጡንቸኛ ነኝ ብሎ መድኃኒት የሚያቋርጥም ይድናል ማለት አይደለም።

እኔ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ጡንቻው ጭሱ ነው ወይስ እሳቱ? ምናልባት በሽታው የጠናበት ሰው ጡንቻውም ያልቃል፣ ይሞታልም፤ የገደለው ግን በሽታው እንጂ የጡንቻው ማነስ አይደለም። እንዲያ ከሆነ ጡንቻው ጭስ ነው። ጭስ እሳቱ የት እንዳለ ያሳያል፤ ጭሱን ብቻ ብታራግቡት ግን እሳቱ አይጠፋም። ከላይ እንዳየነው ሳልን፣ አተነፋፈስንና በሽታ መከላከልን ስናስብ ጡንቻው እሳት ውስጥም እጁ ያለበት ይመስላል። የእኔ ግምት ሁለቱንም ነው። አንድ ጊዜ በተነሳ ምስል ብቻ ግን ይህ አይለይም። የሚለየው ጡንቻን የሚመልስ ነገር ሰጥቶ ውጤቱን በማየት ነው።

ሌላ ወጥመድ አለ። ቲቢን ለማወቅ ሲቲ ስካን አያስፈልግም። አክታ ጂን ኤክስፐርት በተባለ ማሽን ይመረመራል፣ ራጅ ይታያል፣ አለቀ። ሲቲ ስካን የሚታዘዘው ነገሩ ሲወሳሰብ ነው፤ ደም ሲተፋ፣ ካንሰር ሲጠረጠር፣ ቲቢው አከርካሪ ወይም ሆድ ውስጥ ሲገባ። ስለዚህ ሲቲ ስካን ያላቸው ሕመምተኞች ከሌሎቹ የባሰባቸው ናቸው። ከእነሱ የተገኘውን ቁጥር ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን እየዋጠ ሥራውን በሚሠራው ሰው ላይ መጫን አይቻልም።

ልኩስ ስንት ሲሆን ነው "ትንሽ" የሚባለው? ብዙ የሚጠቀሰው ቁጥር ለወንድ 52.4፣ ለሴት 38.5 ነው። እነዚህ ቁጥሮች የመጡት ካናዳ ውስጥ በጣም ወፍራም ከነበሩ የካንሰር ሕመምተኞች ሲሆን የታተሙት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በዚህ መስፈርት ከላይ ምሳሌ ያደረግኩት ባለ 48.4 ሰውዬም "ጡንቻ የለውም" ሊባል ነው። የካናዳን ወፍራም ሰው ልብስ ለጅማ ገበሬ ማልበስ ማለት ይህ ነው። ሲነሳ ወደ ደም ሥር የሚሰጠው ማቅለሚያ መድኃኒትም የሃውንስፊልዱን ቁጥር ይለውጣል። ማሽኑና ቅንብሩ ሲለያይም ቁጥሩ ይለያያል።

ስለዚህ ይህን አንብባችሁ "ጡንቻዬን በሲቲ ስካን ለኩልኝ" ብላችሁ እንዳትሄዱ። ዋጋው ቀላል አይደለም። አንድ የደረት ሲቲ ስካን ከአንድ የደረት ራጅ ከ50 እጥፍ በላይ ጨረር አለው። የዚህ ሐሳብ ውበቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ለሌላ ጉዳይ አስቀድሞ የተነሳን ምስል ደግሞ ማንበብ ነው። ጅማ ላይ ሲቲ ስካን ዛሬ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ሰው ከፍሎ ይነሳል፣ ትልቁን ፖስታ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ይወጣል። ሪፖርቱ ስለ ሳንባው ሁለት አንቀጽ ይላል፤ ስለ ጡንቻው ብዙ ጊዜ አንድ ቃል የለም። ጡንቻው ግን እዚያው ምስሉ ላይ አለ፤ ተከፍሎበታል፣ ጨረሩም ተወስዷል። ድሮ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ጡንቻውን በእጁ መክበብ ነበረበት። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን በደቂቃዎች ይሠራዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው "ቶታል ሴግመንቴተር" የተባለ ፕሮግራም ከመቶ በላይ የሰውነት ክፍሎችን፣ ሽንጥና ጭቅናን ጨምሮ፣ ራሱ ለይቶ ያሰምራል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ጡንቻን የመለካት ነገር ለጅማ አዲስ አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሚጀምሩ ሰዎች ላይ ያደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ለሦስት ወር በየቀኑ 200 ግራም ቅባትና ፕሮቲን ያለው ተጨማሪ ምግብ ተሰጣቸው፤ መልኩ ከፕላምፒናት ጋር ይቀራረባል። ጥያቄው "ኪሎ ጨመሩ ወይ" ብቻ አልነበረም። የጨመሩት ምኑን ነው የሚለውም ተጠየቀ። ለዚያም ሲቲ ስካን አልተጠቀሙም። ዱተሪየም የተባለ ከባድ የሃይድሮጅን ዓይነት ያለበት ውሃ አጠጧቸውና ምራቃቸውን መረመሩ። ሰውነት ውስጥ ያ ውሃ ምን ያህል እንደቀጠነ ሲታወቅ ጠቅላላው ውሃ ይታወቃል። ስብ ውሃ አይዝም፤ ከስብ ውጪ ያለው አካል ግን ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ነው። ከዚያ ሒሳብ ነው። ምግቡን ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ስብ ያልሆነው አካላቸው ወደ አንድ ኪሎ በሚጠጋ ጨመረ፤ እጃቸውም ሲጨብጥ በረታ። በሽታው ሌላ ነው፣ ትምህርቱ ግን ይሠራል። መድኃኒቱ እሳቱን ማብረድ ሲጀምር ምግቡ አብሮ ከገባ ግንበኛው ሥራ ይጀምራል።

በቲቢ በኩል ትልቁ ማስረጃ ከሕንድ ጃርካንድ ነው። "ራሽንስ" በተባለው ጥናት 2,800 ሕመምተኞች በወር 10 ኪሎ ቀለብ ተሰጣቸው፦ ሩዝ፣ ጥራጥሬ፣ የወተት ዱቄት፣ ዘይት። ተደማምሮ በቀን 1200 ካሎሪና 52 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታተመ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ክብደታቸው 5 በመቶ የጨመረ ሰዎች የመሞት ስጋታቸው በ61 በመቶ ያነሰ ነበር። ቤተሰቡም ቀለብ ሲያገኝ አዲስ የሚታመመው ሰው ወደ 40 በመቶ በሚጠጋ ቀነሰ።

እዚህ ላይ "ቅድም ሚዛኑ ይዋሻል ብለህ አልነበር?" የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። አዎ፣ ልክ ነህ። ግን ሚዛኑ ይዋሻል ሳይሆን ግማሹን ይናገራል ነው ያልኩት። በሁለት ወር ውስጥ ኪሎ መጨመር የምሥራች ነው። አለመጨመር ደግሞ ደወል ነው። የመድኃኒቱ መጠንም የሚወሰነው በኪሎ ስለሆነ መመዘን መቅረት የለበትም። ሚዛኑ ላይ ሌላ ዓይን መጨመር ነው የሚያስፈልገው።

ያ ዓይን የግድ ሲቲ ስካን መሆን የለበትም። የጭን ጡንቻ በአልትራሳውንድ ይለካል፤ ጨረር የለውም፣ ርካሽ ነው። የእጅ ጭብጥ የሚለካ ትንሽ መሣሪያም አለ። ያለ ምንም መሣሪያ ደግሞ ወንበር አለ። እጆችን ደረት ላይ አጣምሮ አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ። የእስያ ባለሙያዎች በዕድሜ ለገፋ ሰው 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከወሰደ ጡንቻው ደክሟል ይላሉ፤ የአውሮፓዎቹ እስከ 15 ይታገሳሉ። በመደበኛ ወንበር ነው ታዲያ። በጅማ በርጩማ ከሞከራችሁት ጤነኛውም አይነሳም። ጃፓኖች ደግሞ የሁለት እጃቸውን አውራ ጣትና አመልካች ጣት አገጣጥመው የባታቸውን ወፍራም ቦታ ይከባሉ። ባቱ ቀለበቱ ውስጥ ከላላ ጥርጣሬ ነው።

የምግቡን ነገር በአጭሩ ልበል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ዋጋው ደግሞ አይነሳ። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሽሮ ያው የድሃ ሥጋ ናቸው፤ አቮካዶ ጅማ ላይ ሞልቷል፣ ስቡ ካሎሪ ይሆናል። በአንድ ጊዜ ብዙ ከማስጨነቅ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። ጫት ግን ይቅርባችሁ። ብዙ ሰው እንደሚቆጣኝ አውቃለሁ፤ ሐቁ ግን ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። አልጎርስ ባለ ሰው አፍ ላይ ሌላ መዝጊያ መጨመር ነው። ጾም ላይ ያለ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ከማዛነፉ በፊት ከቲቢ ክፍል ነርሷና ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼሁ ጋር ይነጋገር። ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ ደግሞ መንቀሳቀስ ነው። ተኝቶ የበላ ሰው ስብ ይሠራል፤ እየተራመደ የበላ ጡንቻ።

ጋሼ ሕክምናቸውን ጨረሱ። አክታቸው ንጹሕ ሆነ፣ ካርዳቸው ላይ "ድኗል" ተብሎ ተጻፈ። ሚዛኗ 55 አለች። ባለፈው ሳምንት ቧንቧው ጋ አገኘኋቸው። በእያንዳንዱ እጃቸው አንድ አንድ አስር ሊትር ጀሪካን ይዘዋል። ሦስት እርምጃ ይሄዳሉ፣ ያሳርፋሉ፣ ደግሞ ያነሳሉ።

"ያምጡ ልያዝልዎ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

"ተው ልጄ" አሉኝ፣ "እየተመዘንኩ ነው።"